«20,800 ብር ይከፈልሃል» ሲባሉ፣ ደመወዝዎ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ የጢስ ዓባይ ሰው ነኝ፤ የሮለር ኦፕሬተር ነኝ። ባለፈው መስከረም ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሚሠራ የአስፋልት መንገድ ላይ ስቀጠር በወር 20,800 ብር እንደሚከፈለኝ ተነገረኝ። ውሉ ላይ ግን ግማሹ ደመወዝ፣ ግማሹ የመስክ አበል ተብሎ ነው የተጻፈው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 10 ሰዓት እሠራለሁ፤ የትርፍ ሰዓት ተከፍሎኝ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና ማሽኑ ቆመ። እኔ ግን ሳይት እየዋልኩ የወሩን ክፍያ ተከለከልኩ። ለሥራው ስል ባሕር ዳር የተከራየሁት ቤት ባለቤት ደግሞ ኪራይ ጨምር እያሉኝ ነው። ኑሮው ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ሕጉ ምን ይለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ የብዙ ግሬደር፣ ዶዘርና ሮለር ነጂዎች ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርገን እንመልሰዋለን። የሚገዛው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

ደስ ከማይለው እንጀምር። የኑሮ ውድነትን ተከትሎ ደመወዝ እንዲጨምር አሠሪን የሚያስገድድ ድንጋጌ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የገበያው ዋጋ ምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል፤ የሥራ ውልዎ ላይ ያለው ቁጥር ግን በራሱ አይንቀሳቀስም። አዋጁ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ወለሉ ተወስኖ ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ ጭማሪ የሚገኘው በድርድር ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋምና በኅብረት ስምምነት ደመወዝ መደራደር ይቻላል። አንድ ኦፕሬተር ብቻውን ቢሮ ገብቶ ከሚለምን፣ ማኅበሩ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻላል።

አሁን ወደሚከፈልዎት እንምጣ። የአዋጁ አንቀጽ 53 ደመወዝ ማለት ሠራተኛው በውሉ መሠረት ለሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ነው ይላል። የውሎ አበል፣ የበረሃ አበል፣ የመጓጓዣ ክፍያና ጉርሻ ከዚህ ውጭ ናቸው። ለእርስዎ ሲቀጠሩ የተነገረዎት 20,800 ብር ነው፤ በሕግ ዓይን ደመወዝዎ ግን 10,400 ብር ነው። ልዩነቱ የሚታየው የትርፍ ሰዓት ሲሰላ፣ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ ሲታሰብና በሥራ ላይ የአካል ጉዳት ቢደርስብዎ ካሳው ሲሰላ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ እንዲዋጣ ያዛል። ይህም የሚታሰበው ከደመወዙ እንጂ ከአበሉ አይደለም። ስለዚህ ወደፊት ሲቀጠሩ «ጠቅላላው ስንት ነው?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «ደመወዙ ስንት፣ አበሉ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

የትርፍ ሰዓትዎን እናስላ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 የሥራ ቀን ብንወስድ 208 ሰዓት ይሆናል። 10,400 ለ208 ሲካፈል የአንድ ሰዓት ደመወዝዎ 50 ብር ነው። አንቀጽ 68 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል፤ ስለዚህ ሰዓቱ 75 ብር ነው። በሳምንት 12 ትርፍ ሰዓት ስለሚሠሩ 900 ብር፣ በአራት ሳምንት 3,600 ብር ይደርሳል። 20,800 ብሩ በሙሉ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ይኸው ሒሳብ 7,200 ብር ይሆን ነበር።

ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ስሌቱ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ 2.5 እጥፍ ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 መብለጥ እንደሌለበትም አይርሱ። እርስዎ አሁን ጣሪያው ላይ ነዎት። «ትርፍ ሰዓቱ አበሉ ውስጥ ተካትቷል» የሚል መልስ ቢሰጥዎ አይበቃም፤ ከአዋጁ ያነሰ መብት የሚሰጥ የሥራ ውል ተቀባይነት የለውም።

እንዴት ያስረዳሉ? በጣም ጥሩው ማስረጃ እጅዎ ላይ ነው። በየቀኑ የሚሞላው ታይም ሺት ላይ የማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ጠዋት ስንት ላይ እንደነበርና ማታ ስንት ላይ እንደቆመ፣ የሠራበት፣ ያለ ሥራ የቆመበትና የተበላሸበት ሰዓት ይጻፋል፤ ፎርማኑም ይፈርምበታል። ማሽኑ የኪራይ ከሆነ ባለቤቱ ሒሳቡን የሚጠይቀው በዚሁ ወረቀት ነው። ለማሽኑ 10 ሰዓት የተከፈለበት ወረቀት፣ ነጂው 10 ሰዓት እንደሠራም ያሳያል። በየማታው ከመስጠትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ዋናው አሠሪው እጅ ቢሆንም ፍርድ ቤት እንዲያቀርበው ሊያዝ ይችላል።

የሐምሌው ደመወዝስ? አንቀጽ 54 ደመወዝ ለተሠራ ሥራ ይከፈላል ካለ በኋላ፣ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ አለመቅረብ፣ ወይም በእርሱ ባልሆነ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል ይላል። ማሽን ቢበላሽ፣ ነዳጅ ቢጠፋ፣ ሬንጅ ቢዘገይ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አሠሪው «ከአቅም በላይ ነበር» ካለ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የተቋረጠ መሆን አለበት፤ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥም ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። በጸጥታ ምክንያት ሥራ ለቆመባቸው ፕሮጀክቶች ይህ ድንጋጌ ሊሠራ ይችላል። የጣና ዙሪያ ክረምት ግን በየዓመቱ የሚመጣ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ አስፋልት እንደማይነጠፍም ተቋራጩ ጨረታ ሲገባ ያውቃል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ዝናቡ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው ብሎ ማሳመን ቀላል አይሆንም። ሳይት እየዋሉ ከነበረ የሐምሌን 10,400 ብር ይጠይቁ። የአበሉ ነገር የሚወሰነው ውሉ በጻፈው ነው።

ሥራው ተጠናቆ ሲሰናበቱ ደግሞ ሁለት ነገር ይለዩ። የመንገድ ሥራ ደረጃ በደረጃ ሲያልቅ የሚደረግ የሠራተኛ ቅነሳ በመደበኛው የቅነሳ ሥርዓት አይመራም። ይህ ግን እርስዎ የተቀጠሩበት ክፍል ሳያልቅ ለማሰናበት ፈቃድ አይሆንም። የሚገባዎት ክፍያም ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት።

ስለ ቤት ኪራዩ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዝቅተኛ ዘመኑም 2 ዓመት እንዲሆን ይደነግጋል። ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል በሚወሰነው መጠን በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ከ2 ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅም አይቻልም። በክልል ከተሞች ተፈጻሚነቱ በክልሉ ውሳኔ ስለሚወሰን፣ ውልዎን ይዘው ቀበሌውን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ጊዜ አይለፍዎት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የመስከረሙ ትርፍ ሰዓት መጋቢት መጨረሻ ላይ አልፏል፤ ነሐሴ ላይ ቢከሱ የሚተርፍልዎ ከየካቲት ወዲህ ያለው ነው። በየወሩ የሚዘገይ ሰው በየወሩ አንድ ወር ያጣል። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ፣ ወይም አቤቱታው ሥልጣን ላለው አካል ከቀረበ ግን ይርጋው ይቋረጣል።

በመክሰስዎ ምክንያት ሊያባርሩዎ አይችሉም፤ አቤቱታ ማቅረብ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንዳልሆነ አዋጁ በግልጽ ጽፏል። ከተባረሩ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ጠበቃ ለማቆም አቅም ካነሰዎ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን የጠየቁትን ገንዘብ በወርና በሰዓት ዘርዝረው ለአሠሪዎ ደብዳቤ ይጻፉ፤ በቅጂው ላይ ያስፈርሙበትና እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡት።