በዕጣ የሚቆፈር ዋሻ

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዋጫ ከተማ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ተማሪውን ከቤት ያውለዋል። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን፣ መብራት ቢኖርም ባይኖርም በአንድ ሉክ ወረቀት፣ በእርሳስና በጥቂት ቁርጥራጭ ወረቀቶች የሚሠራ ትምህርት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ትምህርቱ የሚነሣው ከአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ጨዋታውን አይቶ የማያውቅ አንባቢ ግን ከሚያውቀው እኩል ሊከታተለው ይችላል።

ጨዋታው ስፔለንኪ ይባላል። አሜሪካዊው ዴሪክ ዩ እ.ኤ.አ. በ2008 በነፃ አሠራጨው፤ በ2012 በአዲስ ሥዕል ተሻሽሎ ወጣ፤ ተከታዩም በ2020 ታተመ። ተጫዋቹ ጅራፍ የያዘ አንድ አሳሽ ሆኖ፣ 4 ቦምብና 4 ገመድ ይዞ፣ ከዋሻው አናት ወደ ታችኛው መውጫ ይወርዳል። በየመንገዱ እባብ፣ የሌሊት ወፍ፣ ሸረሪትና ከግድግዳ የሚተኮስ ቀስት ይጠብቁታል። በሾለ ብረት ላይ የወደቀ እንደሆነ ወዲያውኑ ይሞታል። በአንድ ዋሻ ውስጥ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ የዘገየም ከጀርባው የማይገደል መንፈስ ይመጣበታል። የሞተ ተጫዋች ሁሉን ነገር አጥቶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሲመለስ የቀድሞውን ዋሻ አለማግኘቱ ነው። ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ሌላ ዋሻ ሠርቶለታል።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ሱፐር ማሪዮን የመሰሉ የዝላይ ጨዋታዎች መልካቸው አይለወጥም። አሥር ጊዜ የወደቀ ተጫዋች ጉድጓዱ የት እንዳለ በቃሉ ይይዛል፤ በአሥራ አንደኛው ያልፋል። ዩ ይህን ሽምደዳ ለማስቀረት ከጥንታዊው ሮግ ከተባለ የ1980 ጨዋታ ቤተሰብ አንድ ሐሳብ ወሰደ፤ ይኸውም ቦታውን ለሰው ሳይሆን ለዕጣ መተው ነው። በስፔለንኪ የሚጠቅመው እውቀት «ጉድጓዱ ከሦስተኛው ድንጋይ ቀጥሎ ነው» የሚል ሳይሆን «ቀስት የሚተኩሰው ድንጋይ ከፊቱ የሚያልፈውን ማንኛውንም ነገር ይወጋል፤ ስለዚህ አስቀድመህ ጠጠር ወርውርበት» የሚል ነው። ያለፈውን ዓመት የፈተና መልስ በቃሉ የያዘ ተማሪና ቀመሩ ከየት እንደ መጣ የገባው ተማሪ ልዩነታቸው በዚህ ይታያል ብንል ብዙ ያጋነንን አይመስለንም።

እዚህ ላይ ግን ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ዋሻው በዕጣ ከተሠራ፣ መውጫው የሚደረስበት መሆኑን ማን ዋስ ይሆናል? መንገድ በሌለው ዋሻ ውስጥ የሞተ ተጫዋች ምንም አልተማረም፤ ተበድሏል እንጂ።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። አንድ ዋሻ 16 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ወደ ጎን 10፣ ወደ ታች 8 ካሬዎች ስላሉት ጠቅላላው 1,280 ካሬ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲም እየወረወርን «አፈር» ወይም «ባዶ» ብንል፣ ሊገኙ የሚችሉት ዋሻዎች ብዛት 2 በ1,280 ከፍ ሲል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ይህም 386 አኃዞች አሉት። ከነዚህ መካከል ሰው የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን የቀረው ፍርስራሽ ነው።

የተፈጥሮ ዋሻም ቢሆን ለመንገደኛ ዋስትና አይሰጥም። በባሌ የሚገኘውን፣ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን የሶፍ ዑመርን ዋሻ የፈለፈለው የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ ስንጥቅ ተከትሎ እያሟሟ ሄደ እንጂ የሰው መውጫ አላሰበም። ዩ ግን ከውኃው ሳይሆን ከመንገደኛው ጀመረ፤ ማለትም መጀመሪያ መንገዱን በዕጣ ያወጣል፤ ዋሻውን በመንገዱ ዙሪያ የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው። አሠራሩን ለወረቀት እንዲመች ጥቂት አቅልለን እናቅርበው።

4 ረድፍና 4 ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይሣሉ። አምስት ቁራጭ ወረቀት ወስደው በሁለቱ «ግራ»፣ በሁለቱ «ቀኝ»፣ በአንዱ «ታች» ብለው ይጻፉና ጠቅልለው በሳህን ያኑሩ። በሌሎች አራት ቁራጮች ከ1 እስከ 4 ጽፈው በዕጣ አንዱን ሲያወጡ በላይኛው ረድፍ የመነሻውን ክፍል ያገኛሉ። ከዚያ ከአምስቱ አንድ እያወጡ ወደ ታዘዘው ክፍል ይሂዱ። ዕጣው ከግድግዳ ጋር የሚያላትም ከሆነ ወደ ታች ይውረዱ፤ ወደ ተረገጠ ክፍል የሚመልስ ከሆነ ደግመው ያውጡ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ሳሉ ውረድ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ የቆሙበት ክፍል መውጫ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በዕቁብ የወጣ ዕጣ ወደ ሳህኑ አይመለስም፤ እዚህ ግን ወረቀቱን በየጊዜው መልሰን እንቀላቅላለን፤ አለዚያ የሚከተለው ስሌት ሁሉ ይፈርሳል።

ለምሳሌ መነሻው ሦስተኛው ዓምድ ቢሆን፣ ዕጣውም ግራ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ታች እያለ ቢወጣ፣ ሁለተኛው «ቀኝ» ወደ ተረገጠ ክፍል ስለሚመልስ ይሰረዛል፤ ስድስተኛው ደግሞ ከግድግዳ ጋር ስለሚያላትም ያወርዳል። መንገዱ 8 ክፍሎችን አልፎ በመጨረሻው ረድፍ ሦስተኛ ዓምድ ላይ ያበቃል። በእርሳስ ተከትለው ያረጋግጡ።

ስንት ልዩ ልዩ መንገዶች አሉ? መነሻው 4 አማራጭ አለው። በእያንዳንዱ ረድፍ የምንወርድበት (በመጨረሻውም የምንወጣበት) ዓምድ እንዲሁ 4 አማራጭ አለው። ስለዚህ 4 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1,024 መንገዶች ይገኛሉ። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ «እንግዲያው የእያንዳንዱ መንገድ ዕድል ከ1,024 አንድ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይህ ስሕተት ነው፤ እኛም ስሌቱን ሳንሠራ በፊት እንዲሁ ገምተን ነበር።

ቀጥ ብሎ የሚወርደውን፣ 4 ክፍል ብቻ ያለውን መንገድ እንውሰድ። በመካከለኛ ዓምድ የቆመ ሰው በመጀመሪያው ዕጣ የሚወርደው «ታች» ሲወጣ ብቻ ነው፤ ዕድሉ ከ5 አንድ ነው። አራቴ ሲደጋገም ከ625 አንድ ይሆናል። በዳር ዓምድ የቆመ ግን ከግድግዳ የሚያላትሙት ሁለቱ ዕጣዎችም ስለሚያወርዱት ዕድሉ ከ5 ሦስት ነው፤ አራቴ ሲደጋገም ከ625 ሰማንያ አንድ ይደርሳል። የዳሩ ቀጥ ያለ መንገድ ከመካከለኛው 81 ጊዜ ይበልጥ ይወጣል ማለት ነው! መነሻውም በዕጣ ስለሆነ አራቱን ዓምዶች አማካኝተን ስናሰላ፣ ከ100 ዋሻዎች ወደ 6 ወይም 7 የሚጠጉት ባለ 4 ክፍል ይሆናሉ። በአንጻሩ 16ቱንም ክፍሎች የሚያዳርሰው መንገድ ከ2,000 ዋሻዎች አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ይገኛል። ዕጣ ማለት እኩልነት ማለት አይደለም፤ ደንቡን የጻፈው ሰው ሚዛኑን የት እንዳዘነበለ ማስላት ይቻላል።

መንገዱ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሩ በመንገዱ ላይ ላሉት ክፍሎች ተገቢው በር ያላቸውን በእጅ የተሳሉ ንድፎች ይመርጣል፤ በንድፎቹም ውስጥ አንዳንድ ካሬዎችን ለዕጣ ይተዋል። ከመንገዱ ውጭ ያሉት ክፍሎች የታሸጉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቦምብና ገመድ የሚያስፈልገው በአመዛኙ ወደ እነዚያ ለመግባት ነው። ቦምቡን የጨረሰ ተጫዋችም ወደ መውጫው ይደርስ ዘንድ መንገዱ አስቀድሞ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሲሞት የሚወቅሰው ዕጣውን ሳይሆን እጁን ነው፤ የጨዋታው ጭካኔ የሚታገሡት የሆነውም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ኮምፒውተር ግን ሳህንም ጠቅላላ ወረቀትም የለውም፤ ታዲያ ዕጣውን ከየት ያመጣል? በስሌት ይፈጥረዋል። ማንኛውንም ከ0 እስከ 15 ያለ ቁጥር ይውሰዱ፤ በ5 አባዝተው 3 ይደምሩ፤ ለ16 አካፍለው ቀሪውን ይያዙ፤ በቀሪውም ይድገሙ። ከ7 ብንነሣ 6፣ 1፣ 8፣ 11፣ 10፣ 5፣ 12፣ 15 እያለ ይቀጥላል፤ 16ቱንም ቁጥሮች አዳርሶ ወደ 7 ይመለሳል። ሲያዩት ዕጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ7 የተነሣ ሁሉ፣ ዋጫም ይሁን ቶኪዮ፣ ያንኑ ተከታታይ ያገኛል። መነሻው ቁጥር «ዘር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለኮምፒውተር የወጣው የስፔለንኪ ቅጂ በየቀኑ አንድ ዘር ለዓለም ተጫዋቾች ሁሉ እያደለ፣ ሁሉም በዚያ ቀን በአንድ ዓይነት ዋሻ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወዳደሩ አድርጓል።

የእኛ ትንሽ ቀመር ለእውነተኛ ጨዋታ የማይበቃበት ጉድለት አለበት። ከላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ጎዶሎና ሙሉ እያሉ በተራ ይመልከቷቸው። «ጎዶሎ ከሆነ ግራ፣ ሙሉ ከሆነ ቀኝ» በሚል ደንብ ዋሻ ለመቆፈር ቢሞክሩ ምን ዓይነት መንገድ ይወጣል? ከዚያም «ከ8 በታች ከሆነ ግራ፣ አለዚያ ቀኝ» በሚል ደንብ ደግመው ይሞክሩና ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ።