ስለ ብረት ቅጥቀጣና ስለ ጌጥ ሥራው

ባለፈው ዓመት በክፍል ውስጥ ስለ ሙቀት ሳስተምር፥ «ከእናንተ መካከል ብረት ሲቀጠቀጥ በቅርብ ቆሞ ያየ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከአርባ ከሚበልጡት ተማሪዎች እጃቸውን ያወጡ ሦስት ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ልጆች ውስጥ ማረሻ የሌለበት ቤት የተወለደ ጥቂት ነው፤ ማረሻው የሚሠራበትን ስፍራ ያየ ግን ከዚያም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ከወጡ በኋላ አንድ ተማሪ ወደ እኔ ቀረበና፥ «መምህር፥ እኔም አይቻለሁ፤ አባቴ ቀጥቃጭ ነው። በሰው ፊት እጄን ማውጣት ግን አልወደድሁም» አለኝ። ውድ አንባብያን ሆይ፥ ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያሰብሁት በዚያ ቀን ነው።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ ቀጥቃጭ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ከአራት ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የቀጥቃጭ ቤት እየሄድሁ፥ ለገበያ ሳይሆን ለደስታዬ ብቻ ቅጠል፥ መቅረዝና ወፍ የመሰለ ነገር እቀጠቅጣለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «ምን ጎድሎብህ ነው?» ይሉኛል። የጎደለብኝ ነገር ስለሌለ ነው የምሄደው።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው «ጠይብ»፥ «ቡዳ» እየተባለ ሲናቅም ሲፈራም ኖሯል። የሚናቀው ሰው በሠራው ማረሻ የማያርስ፥ በሠራው ማጭድ የማያጭድ ገበሬ ግን አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። ከእርሳቸውም አስቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችንና የአገር ልጆችን ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በደላንታ ሜዳና በበሽሎ ሸለቆ በኩል ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። እስከ ዛሬም ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ በዚያው አምባ ላይ አለ፤ አምሳያውን ብቻ ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ያገኘዋል።

ሴባስቶፖልን ያነሣሁት ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ዘወትር የሚያደናግሩት አንድ ነገር ስላለ ነው፤ ይኸውም ማቅለጥና መቀጥቀጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ሴባስቶፖል ከነሐስ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ነሐስ እንደ ቅይጡ ዓይነት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባነሰ ወይም በዚያው ገደማ ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህም የጥንት አንጥረኞቻችን የመስቀሉን ቅርጽ አስቀድመው በሰም ሠርተው፥ በጭቃ ሸፍነው፥ ሰሙን በእሳት አፍስሰው፥ በሰሙ ቦታ ነሐስ ለማፍሰስ ችለዋል። ብረት ግን የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ነው። የመንደሩ ቀጥቃጭ ብረትን አያቀልጠውም፤ ያለሰልሰዋል። የለሰለሰውም ብረት እንደ ጭቃ ይታጠፋል፥ ይረዝማል፥ ይጠመዘዛል። የጌጥ ሥራ ሁሉ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

መሣሪያው ጥቂት ነው። የከሰል ምድጃ፥ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ጥንድ ወናፍ፥ መስፍ የሚባለው የመቀጥቀጫ ብረት፥ መዶሻ፥ ጉጠት፥ መሮና ሞረድ ካሉ ይበቃል። ጀማሪ ሰው ግን ወናፉን ይንቃል፤ እኔም ንቄው ነበር። ወናፍ የሚነፋው ሰው የአንዱን ቆዳ አፍ ከፍቶ ሲያነሣ ሌላውን ዘግቶ ይጫናል፤ በዚህም ትንፋሹ ሳይቋረጥ በሸክላው አፍንጫ በኩል ወደ ከሰሉ ይገባል። መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፥ አየሯ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንግዲህ እሳቱ የሚፈልገውን ያህል ኦክሲጅን እንዲያገኝ እዚህ ደጋ ላይ ብዙ መንፋት ያስፈልጋል። ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ቀጥቃጭ በአነስተኛ ንፊያ ያንኑ እሳት ያነዳል ማለት ነው። ይህን በሒሳብ ለክፍሌ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፤ ክንዴን አሳምሞ ያስተማረኝ ግን ወናፉ ነው።

ስለ ከሰሉም አንድ ቃል ልናገር። በአካባቢያችን የሚገኘው የደንቆሮ ጫካ ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ይኖሩበታል። ለማረሻ እንኳ ቢሆን ያሳዝናል፤ ለጌጥ ሲባል ግን የአገር በቀል ዛፍ ማክሰል በእኔ ዘንድ ነውር ነው። የባሕር ዛፍ ከሰል ለዚህ ሥራ በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። ቀጥቃጭ ቴርሞሜትር የለውም፤ የሚመራው በቀለም ነው። የቀጥቃጭ ቤት ጨለም ያለው በድህነት ምክንያት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በፀሐይ ብርሃን የብረትን ቀለም ለይቶ ማየት አይቻልም። ብረቱ ደብዛዛ ቀይ ሲሆን ሙቀቱ 650 ዲግሪ ያህል ነው። የበሰለ በርበሬ ሲመስል 800 ገደማ ደርሷል። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ770 ዲግሪ፥ ብረት በማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ይህን በገመድ በተንጠለጠለ ማግኔት መፈተን ይቻላል፤ ማግኔቱን ግን ከጋለው ብረት አጠገብ አታቆዩት። ብርቱካን ሲመስል 950፥ አደይ አበባ ሲመስል ደግሞ 1100 ያህል ነው። ለመቀጥቀጥ የተመቸው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ርችት ብልጭታ ከረጨ ብረቱ ራሱ መቃጠል ጀምሯልና ያ ክፍል ተቆርጦ ከመጣል በቀር አይረባም። በሌላ በኩል ቀለሙ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲመለስ መዶሻውን ማቆም ይገባል። የጀማሪ ስሕተት ሁሉ ከሞላ ጎደል ይህ ነው፤ «አንድ ምት ብቻ ልጨምር» ይላል፤ ብረቱም በዚያች ምት ይሰነጠቃል።

አምና የሠራሁት ቁራ ነበር። የደጋው ቁራ ትልቅ ወፍራም መንቁር አለው፤ ማጅራቱ ላይም ነጭ ምልክት አለበት። ሌላው አካሉ ጥቁር ስለሆነ ከምድጃ የወጣ ብረት ቀለም ሳያስፈልገው ይመስለዋል። ለአካሉ የሚሆን ብረት ስፈልግ በቀጥቃጩ ቤት ጥግ የተጣለ የተበላ ማረሻ አየሁና፥

«ጋሼ፥ ይህን ያለቀ ማረሻ ቢሸጡልኝ?» አልኋቸው።

ሥራቸውን ሳያቆሙ፥ «መምህር፥ ያለቀ የሚሉት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። «ይህ ነገ ማጭድ ነው። ማጭዱ ሲበላ ቢላዋ ይሆናል፤ ቢላዋው ሲያልቅ ወስፌ ይሆናል።»

«እንግዲያስ ወፌ ከምን ይሠራ?»

«ከወስፌው በተረፈው።»

አፈርሁ፤ ምክንያቱም ትክክል ነበሩ። ብረት ውድ በሆነበት አገር ለጌጥ የሚሆነው ለሥራ የማይፈለገው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመኪና ጥገና ቤት የተሰበረ ባሌስትራ፥ ከአንድ ሕንፃ ሥራም የተረፈ ቁራጭ ፌሮ ለምኜ አመጣሁ። በነገራችን ላይ ከወዳደቀ ዕቃ ምስል መሥራት የድኻ ጨዋታ አይደለም። ፒካሶ በ1942 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የብስክሌት ኮርቻና መሪ አገጣጥሞ የበሬ ራስ ሠርቷል። ለፒካሶ ብረት መበየድን ያሳየው ኹልዮ ጎንሳሌዝ የሚባለው ስፔናዊ ነው፤ እርሱም ልጅ ሳለ ሙያውን የተማረው ባርሴሎና በነበረው በአባቱ የብረት ሥራ ቤት ነው። የአባቱን ሙያ በሰው ፊት ለመናገር ያፍር እንደ ሆነ አልሰማሁም።

የባሌስትራው ቁራጭ አንድ ስንዝር ያህል ነበር። አንዱን ጫፍ አግሎ በመስፉ ጠርዝ ላይ በመቀጥቀጥ ወደ ጅራት ማሳሳት፥ ሌላውንም ማጥበብና አንገት ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ብረቱን በጥቂት ምት ልዩነት ሩብ ዙር እያዞሩ መቀጥቀጥ ግድ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የተመታ ብረት ይሳሳና ይጠፍጠፋል እንጂ አይረዝምም። መንቁሩ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀጭን ነገር ቶሎ ይቃጠላልና። ላባውም ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ በመሮ ጫፍ እየተጫረ ይታተማል። አንድ የግለት ጊዜ ለአምስት ወይም ለስድስት መስመር ብቻ ስለሚበቃ አስቀድሞ በከሰል ሥሎ ማሰብ ይጠቅማል። እግሮቹ ከፌሮው ናቸው፤ ቀዳዳ ተበስቶ፥ የእግሩ ጫፍ በቀዳዳው ካለፈ በኋላ በትኩሱ ተቀጥቅጦ እንዲነፋ ይደረጋል። ብየዳ አላስፈለገም።

መንቁሩ እንዳማረልኝ ባየሁ ጊዜ ደስታዬ በዝቶ ቁራውን ከነግለቱ ውሃ ውስጥ ነከርሁት። ውሃው ጮኸ፤ እኔም በጩኸቱ ተደሰትሁ። ከዚያም ከእጄ ቢያመልጠኝ ድንጋይ ላይ ወደቀና መንቁሩ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ጋሼ ቀና ብለው፥ «መምህር፥ ጦር ነው ወይስ ወፍ?» አሉኝ። ምክንያቱን በወረቀት ላይ ዐውቀው ነበር። ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ያለበት ዓረብ ብረት ነው፤ ከበርበሬ ቀለም በላይ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል፤ ሲጠነክርም ተሰባሪ ይሆናል። ለስለት የሚሠራ ሰው ይህን ጥንካሬ ይፈልገዋል፤ በኋላም በመጠኑ መልሶ በማሞቅ ያበርደዋል። ወፍ ግን አይቆርጥም። ስለዚህ የጌጥ ሥራ በሞቀ ዐመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዋል። ሁለተኛውን መንቁር እንዲህ አድርጌ ሠራሁት፤ እስከ ዛሬ አለ።

ሌላው ስሕተቴ ከዚህ የከፋ ነበር፤ ተማሪዎች ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ለክንፉ ከጣራ የተረፈ ቆርቆሮ ቆርጬ እሳት ውስጥ ከተትሁ። የጣራ ቆርቆሮ እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፥ በ907 ይፈላል፤ ከምድጃው የወጣው ነጭ ጢስም እርሱ ነበር። ጋሼ እየጮሁ ከቤት አስወጡኝ፤ ቢሆንም ጥቂት ስቤ ነበርና በዚያች ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ፥ አተኮሰኝ፥ አጥንቴንም ቆረጠመኝ። በደጋ ተቀምጬ ወባ የያዘኝ መሰለኝ። በማግሥቱ ለቀቀኝ። ብዙ የሳበ ሰው ግን ሳንባው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በዚንክ የተለበጠ፥ ቀለም የተቀባ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ብረት እሳት አይግባ። ሁለት አፉ የተደፈነ ቱቦም አይግባ፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይፈነዳልና። ልብሱም የጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ፍም ሲነካው ቀልጦ ከሥጋ ጋር ይጣበቃል። ለዓይን መነጽር ያስፈልጋል፤ ይህን ጋሼ አያደርጉም፤ በዚህ በኩል እሳቸውን አትምሰሉ።

ክንፎቹ በመጨረሻ ከንጹሕ ላሜራ ተሠሩ። የቀጠቀጣቸው እኔ አይደለሁም፤ በመጀመሪያ ያነሣሁት ተማሪ ነው። ሦስት ቅዳሜ መጣ። መዶሻ ሲይዝ ያየው ሰው ይህን ሥራ ከየት እንደ ተማረው መጠየቅ አያስፈልገውም። እኔ በሃያ ምት የማደርገውን በስምንት ምት ያደርጋል፤ ብረቱም በእጁ ላይ አይቀዘቅዝበትም። ጋሼ ትንሽ ተመልክተውት፥ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። አባቱን ያውቋቸው ኖሮ ስለ ዋጋና ስለ ከሰል ረጅም ወሬ ጀመሩ፤ እኔም ወናፉን ስነፋ ቆየሁ። በዚህ መጽሔት ስሙን ላወጣ አስቤ ነበር፤ እንዳላወጣው ስለ ለመነኝ ትቼዋለሁ።

የቀረው ማጠናቀቂያው ነው። ሥራው ከበረደ በኋላ ቅርፊቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። የቁራው ማጅራት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ በሞረድ ይፈገፈጋል። ከዚያም ብረቱን እጅ በማይችለው ያህል ብቻ አሙቆ ንጹሕ የንብ ሰም ማሸት ነው፤ ሰሙ ቀልጦ በየስንጥቁ ይገባና ጥቁሩን ያደምቀዋል፥ ዝገትንም ያግደዋል። ቁራው አሁን በመጻሕፍት ቤታችን መስኮት ላይ ቆሟል። ባለፈው ክረምት ጉም እየገባ ማጅራቱን አዝጎት ነበር፤ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ እንደገና በሰም መታሸት አለበት።