ዕዳና ተጨማሪ ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመለከተው ነገር በብዙዎች ቤት ያለ፥ ነገር ግን በአደባባይ የማይነገር ነገር ነው፤ ይኸውም ዕዳ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ከዋናው ሥራው በሚተርፈው ጊዜ ምን ሠርቶ፥ በምንስ ሥርዐት ሠርቶ ከዕዳው ሊወጣ እንደሚችል፥ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከአገራችን ኑሮ ጋር እያመሳከርን ጥቂት እንናገራለን።

ለምሳሌ ሩቅ አንሄድም። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በአምቦ በኩል ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የምዕራብ ሸዋዋን ባኮን እንመልከት። ምድሯ ለበቆሎ የተመቸ፥ ዝናሟም የበዛ ነው። በዚያ ያለው የእርሻ ምርምር ማእከል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ያወጣው ቢ ኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዘር የባኮን ስም ይዞ በብዙ የአገራችን ክፍል ተዘርቷል። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር ትጉህ ገበሬ ዕዳ አያውቀውም ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የሆነውን የሚያስታውሱ ያስታውሳሉ። በምዕራብና በደቡብ ያለው በቆሎ አብቃይ ገበሬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ወስዶ ዘራ፤ ዝናሙም ዘነመ፤ ምርቱም ሞላ። ዳሩ ግን በቆሎው በገበያ ስለ በዛ ዋጋው እጅግ ወደቀ። ገበሬው ጎተራው ሞልቶ ሳለ የማዳበሪያውን ዕዳ ለመክፈል አቃተው፤ ከብቱን ሸጦ የከፈለም ብዙ ነው። ከዚያም በ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ በብዙ አገር ስለ ተዛባ፥ ትናንት በጥጋብ የተጐዳው ሰው ዛሬ በድርቅ ተጐዳ። ከዚህ የምንማረው፥ ዕዳ ሁሉ ከስንፍና የሚመጣ አለመሆኑን፥ በአንድ አዝመራ ወይም በአንድ ደመወዝ ብቻ የተንጠለጠለ ቤትም በአንድ ነፋስ ሊናወጥ እንደሚችል ነው።

ከዚያው አገር ምእመናን አንዱ በእድር ስብሰባ ላይ ስለዚያ ዘመን ሲናገር ሰምተነዋል። «አባቶቼ፥ እኔም በሬዎቼም አልሰነፍንም ነበር፤ ነገር ግን ማለዳ ተነሥቼ በሬዎቼን ሳልጠምድ ዕዳዬ ቀድሞኝ ደጅ ቆሞ አገኘው ነበር» አለ። ይህ ሰው በጭንቀቱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሌላ ገንዘብ በአራጣ ተበድሮ በመንገድ ዳር ሱቅ መክፈት ነበር። ሱቁ ሳይቆይ ተዘጋ፤ ዕዳውም ሁለት ሆነ። በኋላ የወጣበትን መንገድ ከመንገራችን በፊት ግን ስለ ዕዳ ከተጻፉት ታሪኮች ዋናውን እናስታውስ።

በ2ኛ ነገሥት 4፥1-7 እንደ ተጻፈው ከነቢያት ልጆች የአንዱ ሚስት ባሏ ሞተባት፤ ባለ ገንዘቡም ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ልብ በሉ፤ ሟቹ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደ ነበረ ሚስቱ መስክራለች። ዕዳ እንግዲህ በነቢይ ቤትም በካህን ቤትም ይገባል። ነቢዩ ኤልሳዕም በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ፥ ከልጆቿ ጋር ገብታ በሩን እንድትዘጋ፥ ዘይቱንም እንድትቀዳ አዘዛት። ማድጋው ሁሉ ሲሞላ ዘይቱን ሽጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ዘይቱን ያበዛ የእግዚአብሔር ተአምር ነው፤ የሥራው ሥርዐት ግን ለእኛም የተተወ ትምህርት ነው። በአምስት ክፍል እናየዋለን።

አንደኛ፥ ሴቲቱ ዕዳዋን ገለጠች። ብዙ ሰው ዕዳውን ከሚስቱ፥ ሚስትም ከባሏ ትሰውራለች፤ የተሰወረ ዕዳ ግን በጨለማ ያድጋል። ስለዚህ ባልና ሚስት ተቀምጠው ለማን፥ ስንት፥ በምን ወለድ፥ እስከ መቼ የሚለውን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዕዳውም ወለዱ የከፋው አስቀድሞ ይከፈል። አራጣ ማበደር በእግዚአብሔር ሕግ የተነቀፈ፥ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የአገራችን የወንጀል ሕግም የተከለከለ ሥራ ነውና፥ በዚህ የተያዘ ሰው ሽማግሌ ይዞ ይነጋገር፤ ካልሆነም ሕግን ይጠይቅ እንጂ በዝምታ አይጥፋ።

ሁለተኛ፥ ነቢዩ የጠየቃት በቤቷ ያለውን ነው። ተጨማሪ ሥራ የሚፈልግ ሰው ዐይኑን ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሳይሆን ወደ ገዛ ቤቱና ወደ ገዛ እጁ ይመልስ። ባኮ በበቆሎዋ ብቻ ሳይሆን በበርበሬዋም የታወቀች ናት፤ ችግኙ ከክረምቱ በፊት በመደብ ይፈላል፥ በክረምት መግቢያ ይተከላል፥ ሲቀላ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከጓሮ የማይበልጥ መሬት ያለው ሰውም ሊሠራው ይችላል። ንብም እንዲሁ ነው። ቀፎ በሬ አይፈልግም፥ ማዳበሪያም አይጠይቅም። ባህላዊው ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ያህል ማር ይሰጣል፤ ባለ ክፈፉ ዘመናዊ ቀፎ በሚገባ ከተያዘ ከዚህ እጥፍ በላይ ያስገኛል። ነገር ግን ዘመናዊው ዋጋው ከባድ ስለ ሆነ ባለ ዕዳ ሰው ከሸንበቆና ከሐረግ ሠርቶ፥ በእበት ለቅልቆ በሚሰቅለው ይጀምር። ዶሮ የምታረባ እናትም ጎተራው በሚጎድልበት በሐምሌና በነሐሴ እንቍላሏን በየገበያው ቀን ትሸጣለች። በከተማ ያለውም ቢሆን፥ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማስጠናት፥ መርፌ የሚያውቀው ልብስ መስፋት፥ ባለ ሙያዋ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ይችላሉ። ማሰሮው የሌለበት ቤት የለም፤ የማያየው እንጂ።

ሦስተኛ፥ ሴቲቱ የተዋሰችው ማድጋ ነው እንጂ ገንዘብ አይደለም። ከዕዳ ለመውጣት ሌላ ዕዳ መግባት ጕድጓድ እየቈፈሩ ከጕድጓድ ለመውጣት መሞከር ነው። ዛሬ ብድር በእጅ ስልክ ሳይቀር በቅጽበት የሚገኝ ስለ ሆነ ፈተናው ከቀድሞው በዝቷል። መዋስ የሚገባው ዕቃንና ጕልበትን ነው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ የጎረቤት ስፌት መኪና፥ የወንድም መጋዝ፥ የደቦና የወንፈል ጕልበት ሁሉ እንደ ባዶ ማድጋ ናቸው። ማድጋ ያዋሱት ጎረቤቶችም የዚያ በረከት ተካፋዮች ናቸውና፥ ዕቃ ያለን ሰዎች ለባለ ዕዳ ወንድማችን አንንፈግ።

አራተኛ፥ በሩን ዘግታ ሠራች። ይህም ተጨማሪ ሥራ ያለ ጩኸትና ያለ ታይታ፥ በተገባ ጊዜና በተገባ ቦታ መሠራት እንዳለበት ያመለክተናል። ደመወዝ የሚከፈልበትን ሰዓት ሰርቆ የግል ሥራ መሥራት ትጋት አይደለም፤ አንዱን ዕዳ በሌላ ኀጢአት መክፈል ነው። ሰንበትንና የጌታችንን ዐበይት በዓላት በዕዳ ምክንያት መሻርም አይገባም። በሌላ ወገን ደግሞ ያልታዘዘ በዓል እየቈጠርን ለስንፍና መጠጊያ አናድርግ። እናቲቱ ከልጆቿ ጋር እንደ ሠራች ልጆችም ወላጆቻቸውን ይርዱ፤ ነገር ግን ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለዕዳ ማሠራት፥ ሴቲቱ ልጆቿን ያዳነችበትን ነገር ገልብጦ ልጅን ለባለ ገንዘብ መስጠት ነው።

አምስተኛ፥ የትምህርታችን ዋና ነገር ይህ ነው፤ ነቢዩ ሽጪ፥ ክፈይ፥ በተረፈው ኑሪ ሲል ቅደም ተከተሉን ሠራላት። ከመክፈል በፊት ኑሮን አላስቀደመም። የተጨማሪ ሥራ ገንዘብ ገና ሳይገኝ ባለቤት ያለው ገንዘብ ነው። ለምሳሌ 18,000 ብር ያለበት ሰው በትርፍ ሥራው በወር 1,500 ብር ቢያገኝና ሁሉንም ለዕዳው ቢያደርግ በ12 ወር ነጻ ይወጣል፤ ግማሹን ለመጠጥና ለጌጥ ቢያደርግ 24 ወር ይቈያል፥ በዚያም ላይ ወለዱ ይጨመርበታል። ብዙ ሰዎች ሌሊትና ቀን ሠርተው ከዕዳ ያልወጡት ሥራ አጥተው ሳይሆን ገቢው ሲጨመር ወጪውም አብሮ ስለ ተጨመረ ነው። ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግም አንድ ቃል እንጨምር። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሙታን ጸሎትንና ምጽዋትን ታዛለች እንጂ በብድር በሬ ግዙ አላለችም፤ ድሀ በዐቅሙ የሚያቀርበው ጥቂት መባ የተበላሸ አይደለም።

ያ የባኮ ሰው በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሚስቱ፥ «ሱቅ አናውቅም፤ በርበሬ ግን እናቴ ስታፈላ አድጌአለሁ» አለችው። ከጓሮው በርበሬ፥ ከዛፍ በተሰቀሉ ሦስት ቀፎዎችም ማር ሸጡ፤ ከዚያ የተገኘውን ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለቤት ሳያስገቡ መጀመሪያ አራጣውን፥ ቀጥሎም የማዳበሪያውን ከፈሉ። በአራት ዓመት ጨረሱ። «አራት ዓመት ረጅም ነው» ሲሉት፥ «በዕዳ ያለፈው ሌሊት ይረዝማል» ብሎ መለሰ።

ደግሞ ብዙዎችን የሚያስቀር አንድ እንቅፋት አለ፤ እርሱም እፍረት ነው። «የእገሌ ልጅ ሆኜ ሸክላ ልሠራ? ቄስ ሆኜ ልሸምን?» የሚል አለ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ በሐዋ. 18፥3 ተጽፏል፤ በማንም ላይ ላለመክበድም ሌሊትና ቀን ይሠራ እንደ ነበረ በ1ኛ ተሰ. 2፥9 ራሱ ተናግሯል። ጌታችንም በአገሩ ሰዎች ዘንድ ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል፤ ማር. 6፥3። አባ እንጦንስ በበረሓ በሐሳብ በተጨነቀ ጊዜ፥ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ደግሞ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲጐነጕን አይቶ ትምህርት እንደ ተቀበለ በአበው ዜና ይነገራል። የአገራችን ሊቃውንትም ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ መጻሕፍት ጽፈውና ደጕሰው የኖሩ ናቸው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ቀጥቃጭን፥ ፋቂን፥ ሸማኔን በሙያው የሚንቅ አንደበት እንግዲህ ስንት ባለ ዕዳ ከሥራ እንዳስቀረ ይወቅ።

እፍረት ያስቀረው ሰው ብዙ ጊዜ በአቋራጭ ይፈተናል። በየከተማው የውርርድ ቤት ተከፍቶ ወጣቱ ዕዳውን በአንድ ቀን ሊከፍል ይሰለፋል። እዚያ የሚገባው ብር ግን የሚዘራ ዘር አይደለም፤ ለእሳት የሚሰጥ እንጂ።

በመጨረሻ ቃላችን ዕዳ ለሌለባችሁ ነው። በነህምያ ዘመን ድሆች እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ስለ ዕዳ አሲዘው በጮኹ ጊዜ ነህምያ የገሠጸው ባለ ዕዶችን ሳይሆን አበዳሪዎችን ነበር፤ ነህ. 5። እንግዲህ ለበርበሬ ለቀማ፥ ለእንጨት ፈለጣ፥ ለልብስ አጠባ የቀጠራችሁት ሰው ምናልባት ዕዳውን ሊከፍል የወጣ ይሆናልና፥ በዘዳ. 24፥15 እንደ ታዘዘው ደመወዙን ፀሐይ ሳትገባ ስጡት። እናንተ እስከ ነገ ብላችሁ የምታሳድሩት ገንዘብ በእርሱ ቤት ዛሬ የተቀጠረ ነው።

የመበለቲቱን ማሰሮ የባረከ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።