አንድ «በ»፣ ሦስት መልስ

«በመራዊ»፣ «በመናኸሪያው»፣ «በጥር»፣ «በሁለት ሰዓት»። አማርኛችን አራቱንም በአንዲት «በ» ይጨርሳቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ያችኑ «በ» ለሦስት መስተዋድዶች ይከፍላታል፤ ኢን፣ ኦን፣ አት። ስለዚህ ጠመኔ ከማንሳትዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፦ «በ ማለት ኢን ነው» ብለው አያስጽፉ። ይህን ደብተሩ ላይ የገለበጠ ልጅ፣ 9ኛ ክፍል ገብቶ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንበትም «ኢን መንደይ» ማለቱን አይተውም።

በዕቃ ይጀምሩ። አንድ ኩባያና አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይበቃል። ጠመኔውን ኩባያው ውስጥ ይክተቱ፤ ኢን። ኩባያውን ደፍተው ጠመኔውን ቂጡ ላይ ያስቀምጡ፤ ኦን። ከሥሩ ይደብቁት፤ አንደር። ልጆቹ ያዩትን ይናገሩ እንጂ አይተርጉሙ።

ቀጥሎ የቃሉ ቦታ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። እኛ «ኩባያው ላይ» ስንል «ላይ» ከኋላ ነው። ሁለት ልጆች ያስነሱ፤ አንዱ «ዘ ካፕ»፣ ሌላው «ኦን» የሚል ወረቀት ይያዝ። መጀመሪያ በአማርኛው ቅደም ተከተል ይቁሙ፤ ከዚያ «ኦን» የያዘው ተራምዶ ከፊት ይቁም። ያችን እርምጃ በዓይኑ ያየ ልጅ ደንቡን ባይሸመድድም አይረሳትም።

አሁን ሰሌዳው ላይ መንገዱን ይሳሉ፦ ባሕር ዳር፣ መራዊ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም። ከተማ ዙሪያውን የታጠረ ክብ ነው፤ ኢን መራዊ። መንገድ መስመር ነው፤ ኦን። መናኸሪያው ወይም የቆጋ ግድብ የመገናኛ ነጥብ ሲሆን አት። ዳንግላ በመራዊና በእንጅባራ መካከል ናት፤ ቢትዊን። ልጆቹ ስለ ባጃጅና አውቶቡስ መጠየቃቸው አይቀርም። ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ባጃጅ ኢን ነው፤ ቆመው የሚራመዱበት አውቶቡስ ኦን።

ቦታው ሳይረጋ ወደ ጊዜ አይሻገሩ። ሲረጋ ግን ያው ሥዕል ያገለግላል፦ ወር እንደ ከተማው ኢን፣ ቀን እንደ መንገዱ ኦን፣ ሰዓት እንደ ነጥቡ አት። በጥር ኢን፣ ጥር 11 ቀን ኦን። «ጠዋት» ብቻውን ኢን ነው፤ «ሰኞ ጠዋት» ሲሆን ቀኑ ያሸንፍና ኦን ይሆናል። «ሌሊት» አት ነው፤ ይኸኛው በቃል ይያዝ።

የሰዓት አቆጣጠሩን ለብቻው፣ ከጊዜው ትምህርት አንድ ቀን ቀደም ብለው ያስተምሩ። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእንግሊዝኛው 8 ነው፤ ስድስት ሰዓት መደመርና መስተዋድድ መምረጥ ባንድ ክፍለ ጊዜ ሲደራረቡ ልጁ ሁለቱንም ያጣል።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ጉዞ በአምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የት ይኖራል? መቼ ይነሣል? በምን ይመጣል? ሲያርሙ የግሡንም የፊደሉንም ስሕተት ለዛሬ ይለፉት። የሳተው መስተዋድድ ሥር ብቻ ያስምሩና ልጁን አጠገብዎ አስቁመው ይጠይቁት፦ «ይህ ክብ ነው፣ መስመር ነው ወይስ ነጥብ?»