በሐሰት ለተከሰሰ ክርስቲያን የሚገባው መልስ

በሰው ላይ ከሚደርሱት መከራዎች ረኃብና ደዌ አዛኝ አላቸው፤ በሐሰት መከሰስ ግን አዛኝ የለውም፤ የሰማ ሁሉ «እሳት በሌለበት ጢስ አይነሣም» እያለ ይሸሻልና። ስለዚህ በዚህ ፈተና የወደቀ ክርስቲያን አስቀድሞ የሚያስጨንቀው ዝም ልበልን? ወይስ ልመልስ? የሚለው ነገር ነው።

ጌታችን በጲላጦስና በሄሮድስ ፊት ዝም ማለቱን ብዙዎች ይጠቅሳሉ። ነገር ግን በሊቀ ካህናቱ ግቢ በጥፊ የመታውን ሎሌ ስለ ምን እንደ መታው መጠየቁን መርሳት አይገባም (ዮሐ. 18፥23)። ቅዱስ ጳውሎስም በፊስጦስ ፊት ቆሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። እንግዲህ ዝምታም መልስም እያንዳንዱ ጊዜ አለው። ክሱ የራስን ክብር ብቻ የሚነካ ሲሆን መታገሥ ይቻላል፤ ሃይማኖትንና መንጋን የሚጎዳ ሲሆን ግን ዝም ማለት ትሕትና መስሎ ቸልተኝነት ይሆናል።

የዚህ ምሳሌ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ለአስማት ቈርጧል ብለው ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ335 ዓ.ም. በጢሮስ በተደረገው ጉባኤ ግን ሞተ የተባለው አርሳንዮስ በሕይወቱ፣ ከሁለት እጆቹ ጋር ቀረበ። ከሳሾቹ በዚህ አላፈሩም፤ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚሄደውን እህል ሊከለክል ዝቷል የሚል ሌላ ክስ አመጡና ቅዱሱ ወደ ምዕራብ ተሰደደ። አርሳንዮስ ግን አንድነትን በደብዳቤ ሲለምን ያ የተከሰሰበት አባት ተቀበለው።

ኋላም ለንጉሡ ለቁንስጣንዮስ በጻፈው መከላከያ ክሱን አንድ በአንድ እያነሣ መለሰ። ለንጉሡ ጠላት ጽፈሃል ሲሉት የእጅ ጽሕፈት መመሳሰል ማስረጃ እንደማይሆን፣ የራሱ ጸሐፊዎች ይመረመሩ ዘንድ እንደሚገባ አመለከተ። ቃሉም በአክብሮት የተሞላ ነበር። (በስደት ሳለ ለመነኮሳት በጻፈው ታሪክ ግን ይህንኑ ንጉሥ እጅግ በጠነከረ ቃል ወቅሶታል፤ ቅዱሳንም ቍስላቸው የሚያማቸው ሰዎች ናቸው።)

ይህ ክስ እስከ አገራችን ደርሷል። ንጉሡ ወደ አክሱም ነገሥታት ወደ ኢዛናና ወደ ሳይዛና በላከው ደብዳቤ አትናቴዎስን በብዙ ክፋት ወንጅሎ፣ እርሱ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ አባታችን ከሣቴ ብርሃን ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ ሄዶ በአርዮሳውያኑ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠይቋል። ይህንንም ደብዳቤ ያቆየልን በእርሱ የተወነጀለው አትናቴዎስ ራሱ ነው፤ በመከላከያው ውስጥ ቃል በቃል ጽፎታል። የከሳሹን ቃል መደበቅ አላስፈለገውም።

እስካሁን ስለ ተከሳሹ ተናገርን፤ ክስ የሚሰማውም ሰው ግን ዕዳ አለበት። በተለይም የንስሓ አባት፣ አንድ ልጁ ስለ ሌላው ልጁ ክፉ በነገረው ጊዜ፣ የተከሰሰውን ሳይጠይቅ ፊቱን ቢያጠቍርበት ፈርዶ ጨርሷል ማለት ነው። በካምባና በሌላውም የጋሞ ምድር ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተቀምጠው ነገርን በሕዝብ ፊት ማየታቸው፣ ሐሰትንም እንደ ጎሜ መፍራታቸው ለእኛ ለካህናት የሚያሳፍር ትምህርት አለው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹም ብዙዎች የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ይህ በአርባ ምንጭ በተሰማ ጊዜ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። ሊበቀሏቸው ያሰቧቸው ሰዎች ግን ከገዳዮቹ ጋር በትውልድ ስም ብቻ የሚገናኙ፣ በደሉን ያልሠሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ያለ ከሳሽና ያለ ምስክር በወገናቸው ብቻ ተፈርዶባቸው ነበር። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። የሞቱት የእነርሱ ልጆች ነበሩ፤ ኀዘኑም በቤታቸው ነበር። ወጣቶቹም ሣሩን ተሻግረው አልሄዱም።