የመፀው ብርድና የአንድ ጋቢ ትምህርት



ብዙዎቻችን መስከረም ሲጠባ «ጸደይ ገባ» እንላለን። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መፀው ይባላል፤ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ከመፀውም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ ናቸው።

ይህ ወቅት በጥቃቅን ደስታዎች የተሞላ ነው። አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ጭቃው ይደርቃል፤ የባቄላው እሸት ይደርሳል፤ የማለዳ ፀሐይ እየሞቁ መጫወት ይጥማል። ቅዳሜ ሌሊትም የማኅሌተ ጽጌ ከበሮ ይሰማል።

ሆኖም መፀው ብርድም አለው። አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት፣ በብርድ ጊዜ ትንሽ ነገር ትልቅ ኃይል ትሆናለች ሲሉ ነው። ቀኑ እንዲያ በፀሐይ ደምቆ ሳለ ሌሊቱ ስለ ምን ይበርዳል? በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ይይዝላታል። በመፀው ግን ሰማዩ ስለሚጠራ፣ ምድር ቀን የሞቀችው ሙቀት ከልካይ አጥቶ ሌሊቱን ሽቅብ ያመልጣል። ጋቢም እንዲሁ ነው፤ ራሱ እሳት የለውም፤ የለባሹን ሙቀት ይጠብቃል እንጂ።

ይህን በሚገባ ያስተዋልነው ባለፈው ዓመት በአንድ የጥቅምት ሌሊት ነበር። እኛ በየጋቢያችን ተጠቅልለን ማኅሌት ስንቆም፣ ከቆላ አገር የመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በስስ ሸሚዝ ግድግዳ ተጠግቶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁላችንም አየነው፤ ሁላችንም «ሌላው ይሰጠዋል» ብለን ዝም አልን። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ልንጠይቀው ወደ መኝታ ክፍሉ ብንሄድ ዕቃውን ሸክፎ አገኘነው። «ብርዱስ ይቻላል፤ የከበደኝ የሚያውቀኝ ሰው ማጣቴ ነው» አለን። አፈርን። ያን ዕለት የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን፣ ሻይ አፍልተን አብረነው አመሸን፤ ከመካከላችንም አንዱ ጋቢውን ትቶለት ሄደ። የተሸከፈው ዕቃ በማግሥቱ ተፈታ። ዘንድሮ ከበሮ ከሚመቱት አንዱ እርሱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ደስታን ከሩቅና ከትልቅ ነገር ብቻ አንጠብቅ። ጌታችን በተራራው ስብከቱ እንድንመለከት ያዘዘን የሜዳ አበቦችን ነውና።

ሁለተኛ፣ በቆሎውም ሻዩም ብቻችንን ስንይዛቸው ተራ ምግብ ናቸው፤ ስንካፈላቸው ግን ሰውን ከመንገዱ ይመልሳሉ።

ሦስተኛ፣ «ሌላው ያደርገዋል» የሚለው አሳብ እንደ ጠራ ሰማይ ነው፤ ያለንን ሙቀት ሁሉ ያስወስድብናል።

ስለዚህ በዚህ ወር ወደ ማኅሌት ስንመጣ ግድግዳ የተጠጋውን እንፈልግ፤ ስሙንም እንጠይቀው። አንዳችን ለሌላችን ጋቢ እንሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።