ስፒከሩን ሳያዩ አምፕሊፋየር አይገዛም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእረፍት ቤት ስንገባ ከሚጠብቁን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የለ? እስቲ ይህ አምፕሊፋየር ከእኛ ስፒከር ጋር ይሄድ እንደሆነ እይልኝ»። የሕግ ተማሪም ብንሆን ማምለጫ የለንም። የዛሬው ትምህርታችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዘን እንድንገባ ነው። በነገራችን ላይ ሪሲቨር ስንል የዲሹን ማለታችን አይደለም፤ ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን የያዘውን የስቴሪዮ ዕቃ ማለታችን ነው። ከዚህ በታች የምንለው ለሁለቱም ይሠራል።

ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እኛ ይህ ጥያቄ የመጨረሻው ይሁን እንላለን። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው ኦም ነው። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገታበት መጠን ሲሆን፣ የቤት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4፣ 6 ወይም 8 ኦም ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ስፒከሩ ብዙ ከረንት ይስባል። ቮልዩሙን ሳንነካ በ8 ኦም ስፒከር ፋንታ ባለ 4 ብናስገባ አምፕሊፋየሩ እጥፍ ከረንት እንዲሰጥ ይገደዳል። አምፕሊፋየሩም ከጀርባው «ከ4 እስከ 16 ኦም» ወይም «ከ8 እስከ 16 ኦም» የሚል ጽሑፍ አለው። የስፒከሩ ቁጥር ከዚያ ዝቅተኛ ቁጥር በታች መውረድ የለበትም። ከፍ ቢል ችግር የለውም፤ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ የሚቃጠል ነገር አይኖርም።

ይህን የተማርነው በገንዘባችን ነው። ለሳምንታዊው ፕሮግራማችን ክፍል አንድ ተመራቂ ወንድማችን አራት የቤት ስፒከሮች ሰጠን፤ እያንዳንዳቸው 6 ኦም ናቸው። ከአባላት መዋጮ አሰባስበን ያገለገለ አምፕሊፋየር ገዛን። ጀርባው ላይ «ከ8 እስከ 16 ኦም» ይላል፤ ያነበበው ግን አልነበረም። በእያንዳንዱ ቻናል ሁለት ሁለት ስፒከር በፓራለል አሰርን። ሁለት እኩል ስፒከሮች በፓራለል ሲታሰሩ ኦማቸው በግማሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ያገኘው 3 ኦም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ሰዓት ያህል ሠርቶ ጠፋ። አቀዝቅዘን እንደገና ከፈትነው። በሦስተኛው ሳምንት የግራው ቻናል ጨርሶ ዝም አለ። የሚያሳፍረው ከመካከላችን የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች መኖራቸው ነው።

የስፒከሩ ጽሑፍ ከለቀቀስ? ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለን በመልቲሜትር እንለካዋለን። መልቲሜትሩ የሚለካው የውስጡን ጥቅል ሽቦ ብቻ ስለሆነ ንባቡ ከስሙ ዝቅ ይላል፤ ባለ 8 ኦሙ 6 ወይም 7 አካባቢ፣ ባለ 4ቱ ደግሞ 3 አካባቢ ያሳያል።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚሰጥ ነው። ሴንሲቲቪቲ ይሉታል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል እንዲጨምር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 86 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር በ100 ዋት የሚደርስበትን ድምፅ፣ 92 የሚሰጠው በ25 ዋት ይደርስበታል። ሰው በመደበኛ ንግግር 1 ሜትር ላይ የሚሰማው በ60 ዴሲቤል አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ ሳሎን ተቀምጦ ቂርኣት ወይም ሙሐደራ ለሚያዳምጥ ቤተሰብ ጥቂት ዋት በቂ እንደሆነ ይገባናል።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን «ፒ ኤም ፒ ኦ» የሚባል ቁጥር እርሱት። የሚጠቅመን «አር ኤም ኤስ» የሚለው፣ ዕቃው ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ነው። እሱ ካልተጻፈ ከሶኬት ስንት ዋት እንደሚወስድ ከጀርባው ይነበብ። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 1000 ዋት ድምፅ ከየት ያመጣል? ደግሞም ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም የሚባለው ስህተት ነው። ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ይሻክራል፤ በዚያ ጊዜ በመጀመሪያ የምትጎዳው ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ናት። ሻካራ ድምፅ ሲሰማ ቮልዩሙን ወዲያውኑ መቀነስ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች የላኩት ሪሲቨር ከሆነ ከሁሉ በፊት ቮልቴጁ ይታይ። የእነሱ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቀጥታ የሰካው ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም። ከጀርባው የቮልቴጅ መቀየሪያ ከሌለው ትራንስፎርመር ይገዛለታል፤ እሱም ዕቃው ከሚወስደው ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት። 300 ዋት ለሚወስድ ዕቃ ባለ 500 ዋት ይሻላል።

ሽቦ ስናስር ቀይ ወደ ቀይ፣ ጥቁር ወደ ጥቁር ይሁን። በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ የሚቃጠል ነገር የለም፤ ቤዙ ግን ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ስፒከሩን ይወቅሳል።

የእኛን አምፕሊፋየር በሁለተኛ መዋጮ አሠራነው። አሁን በየቻናሉ ያሉትን ሁለት ስፒከሮች አንዱን ከሌላው አስከትለን፣ በሲሪስ አስረናቸዋል፤ 6 እና 6፣ 12 ኦም። ድምፁ ከቀድሞው ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ለክፍሉ ግን ይበቃል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ክዳኑን በእጃችን እንነካለን፤ አልሐምዱሊላህ፣ ለብ ከማለት አልፎ አያውቅም።